ነጩ ዱቄት

ዝገት ሲባል ሁላችንም ቀይ ነገር ነው የምንጠብቀው። የአጥር ቆርቆሮ፣ የጓሮ በር ማጠፊያ፣ ክረምቱን ውጭ ያደረ አካፋ፤ ሁሉም ሲዝግ ይቀላል፣ እጅ ያበላሻል፣ ልብስ ላይ ይቀራል፣ መኖሩን አይደብቅም። እኔም ሠላሳ ዓመት እስኪሞላኝ የማውቀው ዝገት እሱን ብቻ ነበር። ነጭ ሆኖ የሚዝግ ነገር እንዳለ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ የዛሬ ስምንት ዓመት፣ ሲያትል ከተማ፣ ሐይቅ ላይ ከታሰረች አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ብሎን ሥር ዱቄት የመሰለ ነገር ጣቴ ላይ ሲቀር፣ የደረቀ ሳሙና ነው ብዬ ጠረግሁት። ጠርጌም አልተውኩትም። ያደረግሁትን ሁሉ እዚህ የምጽፈው በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ወይም ልጆቻችሁን ወደዚህ ሥራ የላካችሁ እንድታነቡት ስለምፈልግ ነው።

ቦታውን ላስቀድም። ሲያትል መሀል ከተማ ላይ ሌክ ዩኒየን የሚባል ሐይቅ አለ። በበጋ ቀን ከታንኳ ቀዛፊዎችና ከጀልባዎች መሀል አውሮፕላን ተንደርድሮ ይነሣል፣ ሌላው መጥቶ ያርፋል። ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምወስደው እዚያ ነው። አክስቴ መጥታ አንዷ አውሮፕላን ውኃው ላይ ስታርፍ ያየች ቀን «ሰጠሙ!» ብላ ጮኻ አማተበች፤ አብራሪው በሩን ከፍቶ ገመድ ሲወረውርልኝ እስክታይ ድረስ አልተረጋጋችም። እነዚህ አውሮፕላኖች በጎማ ፋንታ ሁለት ረጃጅም፣ ታንኳ የመሰሉ የአሉሚኒየም መንሳፈፊያዎች አሏቸው። ፍሎት እንላቸዋለን።

ሐይቁ ጨው የለበትም። ከባሕሩ የሚለየው ባላርድ ሎክስ የሚባለው የመርከብ መተላለፊያ በር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1917 ከተመረቀ ጀምሮ በወዲህ በኩል የሐይቁ ውኃ፣ በወዲያ በኩል የፒዩጄት ሳውንድ ጨው ውኃ ተለያይተው ይኖራሉ። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ግን ጨው ውኃው ከባድ ስለሆነ ታች ታቹን ሾልኮ ጥቂት መግባቱ አይቀርም። የአንድ አውሮፕላን ዕድሜ በአመዛኙ የሚወሰነው ከዚህ በር በየትኛው ወገን ውላ በየትኛው ወገን እንደምታድር ነው።

መንገዴን ትንሽ ልልቀቅና፣ ቦይንግ ሲባል እኛ ትዝ የሚለን ቦሌ ላይ የምናውቀው ግዙፍ አውሮፕላን ነው። የኩባንያው የመጀመሪያ አውሮፕላን ግን እ.ኤ.አ. ጁን 15 ቀን 1916 ከዚሁ ከሌክ ዩኒየን ላይ ነው የተነሣው፤ ፍሎት የተገጠመለት፣ አካሉ የስፕሩስ እንጨትና የተልባ እግር ጨርቅ። እንጨት ይበሰብሳል እንጂ አይዝግም። የዝገቱ ጣጣ የመጣው አውሮፕላን ብረት ለብሶ ውኃ ላይ መቀመጥ ሲጀምር ነው።

ወደዚህ ሥራ ያስገቡኝ አንድ አባት ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። በወጣትነታቸው ደብረ ዘይት አየር ኃይል ውስጥ የአውሮፕላን መካኒክ ነበሩ። አሜሪካ ከገቡ በኋላ እንደ አዲስ ተፈትነው ፈቃድ አወጡ፤ ቆይተውም ዓመታዊ ምርመራ አድርገው የሚፈርሙበትን፣ አይ ኤ የሚባለውን ሥልጣን ያዙ። ቤተ ክርስቲያን ተገናኝተን የመኪና ማቆሚያ ውስጥ እንደምሠራ ስነግራቸው «እስቲ እጅህን አሳየኝ» አሉኝ። አሳየኋቸው። «ሰኞ ና» አሉኝ። ለመካኒክነት ፈተና ያለ ትምህርት ቤት፣ በሥራ ልምድ ብቻ ለመቀመጥ 30 ወር ያስፈልጋል፤ እኔም ከእሳቸው ጎን ቆሜ ካቻቪቴና ፒንሳ እያቀበልኩ ወሩን መቁጠር ጀመርኩ። በቀረው ሰዓት አውሮፕላኖቹ በሚታሰሩበት መድረክ፣ ዶኩ ላይ፣ ገመድ አስራለሁ፣ ነዳጅ እሞላለሁ፣ አውሮፕላን አጥባለሁ።

የዶኩ ሥራ በፓምፕ ነው የሚጀምረው። ፍሎት ውስጡ አንድ ባዶ ቤት አይደለም፤ አንዱ ቢበሳ ሌላው እንዲያንሳፍፍ በግድግዳ የተከፋፈሉ ክፍሎች አሉት። ሁለቱ ፍሎቶች በአንድ ላይ የአውሮፕላኑን ሙሉ ክብደትና በዚያ ላይ ሌላ 80 በመቶ መሸከም አለባቸው፤ ሕጉ ነው። በየክፍሉ ጀርባ ላይ ትንሽ የጎማ ኳስ የተወተፈባት ቀዳዳ አለች። ጠዋት ኳሷን ነቅለህ፣ የእጅ ፓምፑን ደቅነህ፣ ሌሊት የገባውን ውኃ ትስባለህ። ውኃ ጨርሶ የማያስገባ ፍሎት አይቼ አላውቅም። ጋሼ ግን በየማለዳው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር።

«ሦስተኛውን ክፍል ስንት ጊዜ ሳብከው?»

«ስድስት ጊዜ፣ ጋሼ።»

«ትናንትናስ?»

ትናንትን ካልጻፍኩት መልስ የለኝም። ስለዚህ ደብተር ገዙልኝ። ሦስት ጊዜ ይሳብ የነበረ ክፍል በሳምንቱ አሥር ከደረሰ፣ ወይ መገጣጠሚያው ለቋል፣ ወይ የሆነ ቦታ ላሜራው ተበልቷል። ዝገትን ከሁሉ ቀድሞ የሚናገረው ከመመርመሪያ መስተዋትም ከእጅ ባትሪም በፊት ይኼ ቁጥር ነው። ዛሬም አምናለሁ፤ አዲስ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የማስይዘው ደብተር ነው።

አሁን ስለ ጨው። እናቴ ትልቅ የአሉሚኒየም ድስት ነበራት፤ ጨው ያለበት ወጥ እሱ ውስጥ እንዲያድር አትፈቅድም ነበር። አንድ ቀን እኅቴ ሽሮ ትታበት አደረች። ጠዋት ሲታጠብ የድስቱ ታች በመርፌ የተወጋ የመሰለ ጥቁር ነጠብጣብ ይዞ ተገኘ። ብንፈትገው፣ ብናሸው አልለቀቀም፤ ቀለም አልነበረማ፣ ጉድጓድ ነው። አሉሚኒየም አየር ሲያገኘው ወዲያው የሚያበጀው ስስ መከላከያ ቆዳ አለው። ጨው ግን ያንን ቆዳ በነጥብ በነጥብ ይበሳዋል። አንዴ ከበሳ በኋላ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች ነው የሚሄደው፤ ከላይ የስንዴ ቅንጣት የማታህል ነጥብ ከሥር ጥልቅ ሆና ትገኛለች።

ጨው ደግሞ ደርቆም አይተኛም። በክረምት የማድ ቤት ጨው ከአየሩ እርጥበት ስቦ እንደሚያለቅስ ሁላችንም አይተናል። አንድ ሊትር የውቅያኖስ ውኃ 35 ግራም ያህል ጨው ይዟል። ውኃው አውሮፕላኑ ላይ ሲደርቅ ጨዉ በየስንጥቁ ይቀራል፤ ማታ ጤዛ ሲወርድ ይረጥባል፣ ቀን ይደርቃል፣ ማታ እንደገና ይረጥባል። ባለቤቱ «ደርቃ ነው የቆመችው» ብሎ ሲያስብ እሷ በየሌሊቱ ጨው ውኃ ውስጥ እያደረች ነው።

የአውሮፕላን አሉሚኒየም ደግሞ እንደ ድስቱ ያለ አይደለም። በብዛት የሚሠራበት 2024 የሚባለው ቅይጥ ከመቶ አራት እጅ ያህል መዳብ አለበት። መዳቡ ያጠነክረዋል፣ ለዝገት ደግሞ ያጋልጠዋል። ስለዚህ ፋብሪካው ላሜራውን በሁለቱም ፊት ንጹሕ አሉሚኒየም ያለብሰዋል፤ አልክላድ ይባላል። አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ላሜራ ላይ ያ ልብስ የአንድ ተራ ወረቀት ግማሽ ቢያህል ነው። 

ዱቄቱን የጠረግሁበት ዕለት ጳጉሜ 5 ነበር፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። አንድ ጡረታ የወጡ ሐኪም ሴስና 185 አላቸው፤ ሳን ሁዋን ደሴቶች ሦስት ቀን ጨው ውኃ ላይ አቁመዋት ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። «በደንብ እጠብልኝ» ብለው ቁልፉን ሰጥተውኝ ሄዱ። በደንብ ማጠብ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጋሼ አሳይተውኛል። ላይዋን ብቻ አይደለም። የጭራዋን ሆድ፣ የመመርመሪያ ክዳኖቹን ከፍቶ ውስጡን፣ የየብሎኑን ዙሪያ፣ የመሪዎቹን ማጠፊያ፣ የፍሎቱን ጀርባ በሙሉ፤ ከዚያ ማድረቅ፣ ከዚያ መቀባት። አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። እኅቴ ቤት ዶሮው ደርሷል፣ ዘመድ ተሰብስቧል፣ ስልኬ ሦስት ጊዜ ጮኋል። ሃያ ደቂቃ ሰጠኋት።

ልጨርስ ስል ነው ዱቄቱን ያየሁት። በግራው ፍሎት ላይ፣ ፍሎቱን ከአውሮፕላኑ ሆድ ጋር የሚያያይዘው የኋለኛው ዘንግ በሚታሰርበት የአሉሚኒየም አንግል ላይ፣ ከብሎኑ ራስ ሥር ነጭ፣ በጣት ሲነኩት የሚፈረፈር ነገር። በዙሪያው ቀለሙ ውኃ እንደ ቋጠረ ቆዳ አብጧል። ጨርቅ ወሰድኩና ጠረግሁት። ከሥሩ ያለው ሻካራና ግራጫ ስለነበር አላስደሰተኝም። ቢሮው ጓዳ ውስጥ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ነበረ፤ አምጥቼ እስኪያበራ ፈተግሁት። እንደ መስተዋት ሆነ። ጣሳ ውስጥ ያለ የሚነፋ ነጭ ቀለም አገኘሁና ነፋሁበት። ከዚያ ሮጥኩ። ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ እኅቴ ቤት ገባሁ።

በማግሥቱ ሐኪሙ መጥተው አዩአትና አመሰገኑኝ። «እንዲህ ጸድታ አታውቅም» አሉኝ።

ከዚያ አምስት ወር አለፈ። አውሮፕላኗ በረረች፣ አረፈች፣ ጨው ውኃ ገብታ ወጣች። እኔም ያን ብሎን ረሳሁት።

ጥር መጨረሻ ላይ ለዓመታዊ ምርመራ ከውኃ ወጥታ ሃንጋር ገባች። ጋሼ ሲመረምሩ መሣሪያ ይዘው አይጀምሩም። እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቀስ ብለው አንድ ዙር ይዞራሉ፤ ከዚያ ነው ባትሪ የሚጠይቁት። ባትሪውንም ፊት ለፊት አያበሩትም። ላሜራው ላይ አስተኝተው ብርሃኑን በጎን ይለቁታል፤ ያን ጊዜ ለዓይን ጠፍጣፋ የመሰለው ሁሉ ጉብታው ጥላ ይጥላል። ላሜራ ከላሜራ የሚያያይዙ ሃያ ሪቬቶች በተሰለፉበት መስመር ላይ አንዱ ሪቬት ራሱ ትንሽ ቀና ካለ፣ ወይም በሁለት ሪቬቶች መሀል ላሜራው እንደ ትራስ ከተነፋ፣ ከሥሩ ዝገት እያደገ ገፍቶታል ማለት ነው። ዝገቱ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይፈልጋል፤ መገጣጠሚያ ውስጥ ሲሆን መውጫ ስለሌለው ላሜራውን ያነሣዋል። ከሪቬት ራስ ጀምሮ ወደ ኋላ እንደ ጥላሸት የተጎተተ ጥቁር መስመር ካዩ ደግሞ እዚያ ይቆማሉ። ሪቬቱ ላልቶ እየተፋተገ ነው።

ግራው ፍሎት ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ጎንበስ አሉ። በጥፍራቸው ቀለሙን ነካ አደረጉት። ተነሣላቸው።

«ይኼን ቀለም ማነው የነካው?»

ዝም አልኩ። መስተዋቱንና ማጉያውን አቀብለኝ አሉ፤ አቀበልኩ። ከቀለሙ ሥር ትል የሄደበት የመሰለ ቀጫጭን መንገድ ወዲያና ወዲህ ተጠማዟል። በመሀሉ ደግሞ ቡናማ ነጥቦች አሉ፤ የበርበሬ ብናኝ የተበተነ ነው የሚመስለው።

«ና እይ» አሉኝ። «አሉሚኒየም እኮ ቀይ አይዝግም። ይኼ ቀይ ነገር ከየት መጣ?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። በሽቦ ፈተግሁት።»

ቀና ብለው አዩኝ። «መቼ?»

«በእንቁጣጣሽ ዋዜማ።»

«ከመፈተግህ በፊት ምን ነበረው?»

«ዱቄት። ነጭ ዱቄት።»

«ምን ያህል?»

«ጣቴን ሸፍኖታል።»

ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም። ከዚያ ድምፃቸውን ሳያነሡ «ዱቄቱ እኮ አንግሉ ራሱ ነው» አሉኝ። «ተበልቶ ዱቄት የሆነው እሱ ነው። ቆሻሻ ጠረግሁ ብለህ የጠረግኸው አውሮፕላኗን ነው። ደግሞም ምልክቱን አጠፋህብኝ።»

የሽቦው ጉዳይ እንዲህ ነው። የብረት ሽቦ አሉሚኒየም ላይ ሲፈተግ ለዓይን የማይታዩ ስባሪዎቹ ለስላሳው ላሜራ ውስጥ ተሰክተው ይቀራሉ። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ጨው ባለበት እርጥበት ሲገናኙ ልክ እንደ ባትሪ ይሆናሉ፤ ደካማው ጠንካራውን እየመገበ ያልቃል። እዚህ ደካማው አሉሚኒየሙ ነው። እኔ አንድ የዝገት ቦታ አጠፋሁ ብዬ በመቶ የሚቆጠሩ ትናንሽ ባትሪዎች ተክዬ በላያቸው ቀለም ዘጋሁባቸው። አሉሚኒየም የሚጸዳው በአሉሚኒየም ብሩሽ፣ በናይለን መፈተጊያ ወይም በተገቢው የብርጭቆ ወረቀት ነው። የብረት ሽቦ አጠገቡ አይደርስም።

ብሎኑ ለመውጣት ሦስት ቀን ፈጀ። ማላቀቂያ ዘይት እያጠጣን አሳደርነው፣ ዳዶውን ፈታነው፣ በእንጨት ቁራጭ ላይ መታነው፤ ንቅንቅ አላለም። በሦስተኛው ቀን እየጮኸ ወጣ። የብረት ብሎን ከአሉሚኒየም ጋር እንዳይጣላ ካድሚየም ይለበጣል፤ ልባጩ አልቆ ብሎኑ አንገቱ ላይ ቀጥኗል። ቀዳዳው ውስጥ ደግሞ የአንግሉ ብረት እንደ ፈጢራ ተነባብሮ ተላጥቷል። በካቻቪቴ ጫፍ ሲነካ ቅጠል ቅጠሉን እያለ ይነሣል። ተጎትቶ የተሠራ ብረት ውስጡ በጠፍጣፋ ንብርብር ስለተደረደረ፣ ዝገት በንብርብሮቹ መሀል ሲገባ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ጋሼ የተበላውን እስከ ጤነኛው ብረት ፍቀው፣ የቀረውን ውፍረት ለክተው፣ የአምራቹ መጽሐፍ ላይ ከተፈቀደው ጋር አመዛዘኑት። አላለፈም። ይቀየራል። ዕቃው እስኪመጣ፣ ተገጥሞ እስኪፈረም ስድስት ሳምንት ቆመች።

ሐኪሙን ራሴ ደውዬ ነገርኳቸው። ጋሼ እነግራቸዋለሁ ቢሉኝም እኔ ልንገራቸው አልኩ። ጨርሼ ስናገር አዳመጡኝ። «ጥቅምት ላይ የልጅ ልጆቼን ይዤ በርሬባታለሁ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ያንን ስልክ ከዘጋሁ በኋላ ሃንጋሩ ጀርባ ወጥቼ ቆየሁ።

ጋሼ በዚያ አላበቁም። «አንድ ቦታ የታየ ሌላም ቦታ አለ» ብለው ወንበሩን አስወጡ፣ ምንጣፉን አስነሡ፣ የወለሉን ላሜራ አስከፈቱ። በሕይወቴ ያልረሳሁት የዚያን ቀኑን ሽታ ነው፤ የረጠበ ስፖንጅና የባሕር ሽታ። ከወለሉ ሥር ለድምፅና ለብርድ የተነጠፈው ስፖንጅ ውኃ ጠጥቶ እንደ ጠገበ ጨርቅ ላሜራው ላይ ተኝቷል። ስጨምቀው ወረደ። ከፕሮፔለሩ የሚነሣው የውኃ ብናኝ ወደ ኋላ ሄዶ ጭራዋን ይመታል፤ በየክፍተቱ ገብቶ ሆዷ ውስጥ ይጠራቀማል። ለዚህ ተብሎ ከሥር ጣት የማያስገቡ የማፍሰሻ ቀዳዳዎች አሉ። ከሦስቱ ሁለቱ በአቧራና በአሮጌ ግራሶ ተደፍነዋል። በቀጭን ሽቦ ስወጋቸው ግራጫ ውኃ ለአምስት ደቂቃ ያህል ተንጠባጠበ። ያን ቀን በዋዜማው የመመርመሪያ ክዳኖቹን ከፍቼ ቢሆን ኖሮ አየው ነበር።

የመሪ ገመዶቹን እኔ እንድመረምር አዘዙኝ። የብረት ገመድ ነው፤ ቀጫጭን ሽቦዎች ተገምደው የሠሩት። ከላይ ሲያዩት ያብረቀርቃል። ጨርቅ ይዞ ዳር እስከ ዳር መሳብ ነው፤ የተበጠሰ ክር ካለ ጨርቁን ይይዛል። ፑሊው ላይ በሚተጣጠፍበት ቦታ ደግሞ ፈታ አድርጎ ጎበጥ ማድረግ፣ ክሮቹ ሲከፈቱ ውስጡን ማየት። የጭራው ገመድ ውስጡ ቀይ ነበር። ይኼኛው እንኳ የማውቀው ዝገት ነው። እሱም ተቀየረ።

ቀይ ዝገት ስል፣ ሁሉም ትንሽ አውሮፕላን የአሉሚኒየም አካል የለውም። ፓይፐር ሱፐር ከብ የሚባለው፣ አላስካ አንኮሬጅ ሌክ ሁድ ላይ በብዛት ታስሮ የሚታየው፣ አጥንቱ የተበየደ የብረት ቱቦ ነው፣ ልብሱ ጨርቅ። ቱቦ ክፋቱ ከውስጥ ወደ ውጭ መዛጉ ነው፤ ላይ ቀለሙ እንዳማረ ውስጡ ያልቃል። ክንፉን የሚደግፉት ዘንጎች ውኃ ወደ ታችኛው ጫፋቸው ስለሚወርድ እዚያ ነው የሚበሉት። የአሜሪካ አቪዬሽን መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1993 በእነዚህ ዘንጎች ላይ የግዴታ ምርመራ አዘዘ፤ ያልተደፈኑት በየ24 ወሩ ይፈተሻሉ። አንዱ መንገድ ማውል የሚባል የጨርቅ መፈተኛ ጫፉን ዘንጉ ላይ እየጫኑ መሄድ ነው። ከተሰረጎደ ይጣላል። ቱቦዎቹ ውስጣቸው እንዳይዝግ የድሮ ሰዎች የሚያፈሱባቸው ነገር ደግሞ የተልባ ዘይት ነው፤ አፍልተው ያጠጧቸዋል፣ ያንጠፈጥፏቸዋል፣ ይደፍኗቸዋል። ጋሼ መጀመሪያ ይህን የነገሩኝ ዕለት ልጅ እያለሁ ሆዴን ሲያመኝ እናቴ የምታጠጣኝ ተልባ ትዝ ብሎኝ ደስ አለኝ።

ምልክትን መሸፈን ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ ከእኔ ብሎን የከበደ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 19 ቀን 2005 ቾክስ የተባለ ድርጅት ያበረው የነበረ ግራማን ማላርድ አውሮፕላን ከማያሚ ወደ ቢሚኒ ተነሥቶ የቀኝ ክንፉ በአየር ላይ ተገነጠለ። 20 ሰው ሞተ። አውሮፕላኑ እ.ኤ.አ. በ1947 የተሠራ ነበር። ያንን ክንፍ የጣለው የብረት ድካም ያመጣው ስንጥቅ ነው፤ በክንፉ ሥር ነዳጅ ደጋግሞ ያፈስ እንደነበርና ጥገናው ምንጩን እንዳላገኘው መርማሪዎቹ ጽፈዋል። ፍሳሹ ይናገር ነበር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 1988 ደግሞ ከሂሎ ወደ ሆኖሉሉ ይበር የነበረው የአሎሃ ቦይንግ 737 ጣሪያው ተገንጥሎ ሄደ፤ አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሕይወቷ አለፈ። 89,680 ጊዜ በሃዋይ ጨዋማ አየር ተነሥቶ ያረፈ አውሮፕላን ነው፤ የላሜራው መደራረቢያ ለቆ፣ ዝጎ፣ ተሰንጥቆ ነበር። ይኼ ትንሽ የባሕር አውሮፕላን አይደለም፤ ግን ከሱ አንድ ነገር ይዣለሁ። አንዲት ተሳፋሪ ስትገባ በሩ አጠገብ ስንጥቅ አይታ ነበር። ለማንም አልተናገረችም።

ከዚያ ክረምት በኋላ የማጥብበትን መንገድ አልቀየርኩም፤ ከመጀመሪያውም ትክክለኛውን አሳይተውኝ ነበር። አሁን ግን አንዱንም አላጓድልም። አብራሪው ከጨው ውኃ ሲመለስ ሐይቁ ላይ አርፎ ትንሽ ይሮጥ ዘንድ እለምነዋለሁ፤ የፍሎቱ ሆድ በዚያ ይታጠባል። ጭራውና ላዩ ግን በዚያ አይታጠብም፤ እሱ የእኔ ድርሻ ነው። ውኃው ብዙ፣ ግፊቱ ለስላሳ መሆን አለበት። የመኪና ማጠቢያ ከፍተኛ ግፊት ጨዉን ከላይ አንሥቶ መገጣጠሚያና ኩሽኔታ ውስጥ ይከተዋል። ከላይ ወደ ታች፣ ከፊት ወደ ኋላ፣ በመጨረሻ ከሥር ወደ ላይ። ክዳኖቹ ይከፈታሉ፣ ማፍሰሻዎቹ ይወጋሉ፣ በሮቹ ተከፍተው አየር ያገኛሉ።

ሲደርቅ መከላከያ ዘይት አለ፤ ኤ ሲ ኤፍ 50 እና ኮሮዥን ኤክስ የሚባሉት ናቸው የተለመዱት። ስስ ናቸው፤ ሲነፉ በስንጥቁ ውስጥ እየተሳቡ ገብተው እርጥበቱን ያስወጣሉ። በዓመት አንድ ጊዜ የክንፉንና የጭራውን ውስጥ በረጅም ቱቦ እናጠጣለን፤ ለሳምንት ያህል ከየሪቬቱ ሥር ሲያለቅስ ይቆያል፣ ባለቤቶች ቅር ይላቸዋል። እኔ ደስ ይለኛል፤ ዘይት ከወጣበት ስንጥቅ ውኃ ይገባ ነበርና። ብሎን ስንመልስ በደረቁ አንመልስም፤ አንቲረስት ወይም ማሸጊያ ቀብተን እርጥቡን እናስገባዋለን። ስፖንጁን ከወለል ሥር አውጥተን መልሰን አላነጠፍነውም። ፍሎቱ ላይ የዚንክ ቁራጭ ታስሯል፤ ዚንክ ከአሉሚኒየም ቀድሞ የሚበላ ስለሆነ ስለሱ ይሞታል። ሲያልቅ ሌላ ይታሰራል።

ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል። እኔ ፈቃዴን አውጥቻለሁ። ያ የተበላ አንግል መሣሪያ ሣጥኔ የላይኛው መሳቢያ ውስጥ አለ። ሴስናዋ ዛሬም ትበራለች፤ ባለፈው ምርመራ ያ ቦታ ንጹሕ ነበር፤ በጎን ብርሃን አይቼዋለሁ፣ በጥፍሬም ነክቼዋለሁ።

አውሮፕላን የምታጥቡ ልጆች፣ ነጭ ዱቄት ካገኛችሁ አትጥረጉት። ፎቶ አንሡት፣ ቦታውንና ቀኑን ጻፉት፣ ፈቃድ ላለው መካኒክ ደውሉ። የበዓል ዋዜማም ቢሆን ደውሉ።